ቀለም ማስቆጠር፦ የእቁብ መዝገቡ ምርመራ በሰባተኛ ክፍል

ድብልቆችን መለየት ላይ ስንደርስ ልጆቹ «ማጥለል፣ ማትነን፣ ማንጠር» ብለው በቃላቸው ይወጡታል። «ለምን ይለያል?» ስል ግን ዝም። ዘንድሮ ክሮማቶግራፊን፣ ማለትም ወረቀት ላይ ሽቅብ በሚወጣ ፈሳሽ የተደባለቁ ቀለሞችን የመለያ ዘዴን፣ በወንጀል ምርመራ መልክ ላስተምር ብዬ ሦስት ክፍል ላይ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። በየጊዜው ብዙ ነገር ቀያይሬያለሁ፤ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ታሪኩ ይህ ነው። በአንድ የእቁብ መዝገብ ላይ 200 ብር የነበረው 2000 ሆኖ ተገኘ። የመጨረሻዋ ዜሮ በሌላ ጥቁር እስክሪብቶ ሳትጨመር አልቀረችም። ሦስት ጥቁር እስክሪብቶዎች ተይዘዋል። የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ምንም አልሠራም። በተራ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ነጥብ አድርገን የወረቀቱን ጫፍ ውሃ ውስጥ አቆምን፤ ነጥቡ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የእስክሪብቶ ቀለም ቅባትነት ስላለው በውሃ አይሟሟም። ቤቴ ሳልሞክረው ክፍል ይዤው መግባቴ ስህተት ነበር። በሁለተኛው ክፍል በውሃ የሚለቅ የልጆች ማርከር ተጠቀምኩ። ጥቁሩ ነጥብ ሽቅብ ሲወጣ ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ሆኖ ተበተነ። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። «ቲቸር፣ ጥቁር ውስጥ ቢጫ ነበር እንዴ?»

ለምን እንደሚለያይ ያስረዳሁት እንዲህ ነው። ሁለት ልጆች ሱቅ ተላኩ። አንዱ በቀጥታ ይሄዳል። ሌላው ኳስ ባየ ቁጥር ይቆማል። ውሃውን አጥብቆ የሚከተል ቀለም ሩቅ ይደርሳል፣ ወረቀቱን የሚይዝ ይቀራል። ከዚያ በማስመሪያ ለካን። ውሃው 8 ሳንቲሜትር ሲወጣ ሰማያዊው 6 ከደረሰ፣ 6 ለ8 ሲካፈል 0.75 ነው። ወረቀቱና አሟሚው (ቀለሙን ይዞ የሚወጣው ፈሳሽ፣ እዚህ ውሃው) አንድ ዓይነት ከሆኑ ይህ ቁጥር ለዚያ ቀለም ብዙም አይቀያየርም፤ ለማወዳደር የሚረዳንም እሱ ነው።

ስለ ዕቃው አጠር ላድርገው። ሶፍት አይሆንም፣ ቀለሙን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። የማሽን ቡና ማጥለያ ወረቀት ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው። እኛ ግን ቡናችንን በጀበና ነው የምናፈላውና ቤት ውስጥ አይገኝም። ነጭ ጠመኔ ጥሩ ሠርቶልኛል፤ ከታች ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ማቅለምና ጥቂት ውሃ ላይ ማቆም ነው። ነጥቡ ውሃው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ከሁሉ የወደድኩት ከአንዲት ተማሪ ጥያቄ የመጣ ነው። አያቷ ቄስ ናቸው፤ «የብራናው ጥቁር ቀለምስ ይለያያል?» አለች። የብራና ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ጥላሸት ነው። የድስት ጥላሸት ከትንሽ ሙጫና ውሃ ጋር በጥብጠን ነጠብነው። ውሃው አልፎት ሄደ፣ ጥላሸቱ ቀረ። ካርቦን ነው፣ በውሃ አይሟሟም። ነጥቡ የሚያርፍበትን መነሻ መስመር በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ የማናሰምረው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባቸው፤ የእርሳሱም ጥቁረት ካርቦን ነውና። እኔ ሁለት ጊዜ ነግሬያቸው አልተያዘላቸውም ነበር።

አሁን ወደሚከብደኝ ልምጣ። በሁለተኛው ክፍል በእስክሪብቶ ፈንታ ማርከሮቹን ለሦስት ልጆች ሰጥቼ «ተጠርጣሪ» አድርጌያቸው ነበር። ቀለሙ የተመሳሰለበትን ልጅ እረፍት ላይ «ሌባ» ብለው ሲጠሩት ሰማሁ። በጣም አዘንኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጁን ጠርቼ አናገርኩት፣ ለክፍሉም ተናገርኩ። በሦስተኛው ክፍል ተጠርጣሪዎቹ እስክሪብቶዎቹ ብቻ ሆኑ፤ ሀ፣ ለ እና ሐ።

ትምህርቱም ተለወጠ። ቀለሙ ከተለያየ «በዚህ አልተጻፈም» ማለት ይቻላል። ከተመሳሰለ ግን አንድ ፋብሪካ ያንኑ ቀለም በስንት ሺህ እስክሪብቶ ይሞላል? ስለዚህ «ሊሆን ይችላል» እንጂ «ነው» አይባልም። በአሜሪካ ሰነድ የሚመረምሩ ባለሙያዎችም የተጠረጠረውን ቀለም ከተሰበሰቡ የቀለም ናሙናዎች ጋር ያወዳድራሉ። የሚያወዳድሩት ቀለሙን ነው፤ ማን እንደጻፈው ቀለሙ ብቻውን አይናገርም።

በሦስተኛው ክፍል ወደ እውነተኛ እስክሪብቶ ተመለስን፣ በውሃ ፈንታ በፋርማሲ አልኮል። መስኮት ከፍተን፣ እሳት አርቀን። «ሀ» ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ተከፈለ፣ ከዜሮዋ ጋር ገጠመ። «ለ» ሌላ መልክ አወጣ። «ሐ» ጄል ነበር፣ ካለበት አልተነሳም። የአንዱ ቡድን ፍርድ፦ «ለ እና ሐ አይደሉም። ሀ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሌላ ሀ የመሰለ እስክሪብቶም ሊሆን ይችላል።» ወረቀቱን አጣጥፌ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ቀጥሎ ጎመን ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሚኻይል ፅቬት ይህን ዘዴ የጀመረው በቅጠል ቀለም ነበር፤ በመስታወት ቱቦ ውስጥ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ሞልቶ። ክሮማቶግራፊ የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1906። ጎመኑን ደቁሰን፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ጠመኔ ላይ እናወጣዋለን። በዚህኛው ግን ቤቴ አስቀድሜ ሞክሬዋለሁ፤ ከአረንጓዴው በላይ ቀጭን ቢጫ መስመር ወጥቷል።