ቆጮ፣ ሳማና የምሳ ዕቃችን

በመሥሪያ ቤታችን የምሳ ሰዓት ሲደርስ ከሒሳብ ክፍሉ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ስድስት ምሳ ዕቃ ይከፈታል። እንጀራው በአንድ ሰፊ ትሪ ላይ ይነጠፋል፣ የሁላችንም ወጥ ይገለበጥበታል፤ ከዚያ በኋላ ሽሮው የማን፣ ምስሩ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ የማን እጅ እንደሚጥም ግን ሁላችንም በልባችን ጠንቅቀን እናውቃለን። ረቡዕና ዓርብ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁሉም የጾም ስለሆነ ሙስሊሙ ባልደረባችንም ሳይሳቀቅ ከእኛው ትሪ ይበላል። ሥጋ በሚመጣበት ቀን ግን እርሱ የራሱን በሳህን ለይቶ ይቀመጣል፣ እኛም የእኛን እንበላለን፤ ቃሪያውና ሰላጣው ግን ከወዲህ ወዲያ ስለሚመላለስ፣ ማዕዳችን አልተለየም ብለን እንጽናናለን።

ቆጮ ወደዚህ ትሪ የመጣው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ አንዲት የጉራጌ ተወላጅ ወደ ክፍላችን ተዛውራ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ነው። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም ስለሆነ ቆጮ የሚሠራበትን እንሰት፣ እኛ ኮባ የምንለውን፣ የማውቀው በቅጠሉ ብቻ ነበር። እናቴ ለበዓል ድፎ ስትደፋ ሊጡን የምታለብሰው በኮባ ቅጠል ነው፤ ዳቦው ሲወጣ ቅጠሉ ተልጦ ይጣላል፣ ጀርባው ላይ የቅጠሉ ሥር መስመር ይቀራል። ግንዱና ሥሩ ይበላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ሽታው ቀድሞ ደረሰን። እኔም ደፋር ለመምሰል ስል ማንም ሳይጋብዘኝ አንድ ቁራሽ ቆጮ አንስቼ ብቻውን ጎረስሁት። ኮምጠጥ ያለና ደረቅ ነበር፤ ባኘክሁት ቁጥር አፌ ውስጥ የሚበዛ መሰለኝ፤ በመጨረሻም አንድ ቀጭን ቃጫ ጥርሴ መካከል ገብቶ አልወጣ አለኝ። እርሷ ፊቴን እያየች ሳቋን መግታት አቅቷት «ብቻውን ማን ብዪው አለሽ? እንጀራ ያለ ወጥ ትበያለሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያም ስስ ቁራሽ ዘርግታ፣ ለብለብ የተደረገውን ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር ጠቅልላ «በሞቴ!» እያለች ወደ አፌ አቀረበች። ከሚያየን አንዱ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ስላስፈራራ ሁለተኛውም ተከተለ። ቅቤው ድርቀቱን አራሰው፣ የቆጮው ኮምጣጣነት ደግሞ የቅቤውን ክብደት አቀለለው፤ ሁለቱ ሲለያዩ ለየብቻቸው ጎዶሎ መሆናቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለ ኮምጣጣነቱ ከተነሣ፣ ከሁሉም ይልቅ መደንገጥ ያልነበረብኝ እኔ ነበርሁ። የውጭ አገር እንግዶች እንጀራ ቀምሰው «ይኮመጥጣል» ሲሉ ስንቴ በልቤ ታዝቤያቸዋለሁ! የጤፉ ሊጥ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ የእንሰቱ ሊጥ ደግሞ በኮባ ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ ብዙውን ጊዜም ለወራት ይቆያል። ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው ጊዜው ብቻ ነው።

በተከታዩ ዓመት መስከረም፣ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከወልቂጤ አልፎ ወደሚገኘው የወላጆቿ መንደር ይዛኝ ሄደች። ጀፎረ የሚሉትን ሰፊውን የሣር መንገድ ይዘን ወደ ቤታቸው ስንደርስ፣ ከጎጆው ጀርባ እንሰቱ እንደ ዕድሜው በረድፍ በረድፍ ቆሞ አየሁ። ለምግብ የሚደርሰው እንደ ቦታውና እንደ ዝርያው ከ4 እስከ 7 ዓመት ቆይቶ በመሆኑ፣ የዛሬውን የሚበላ ሰው ከዓመታት በኋላ የሚበላውንም አብሮ መትከል አለበት። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ኑሮው በዚህ ተክል ላይ የተመሠረተው ሕዝብ ወደ 20 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ይነገራል፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ የዳቦ መጋገሪያ ቅጠል አድርጌ ነበር የቆጠርሁት።

እናትየው ጉድጓዱን ከፍተው የሚያስፈልጋቸውን ያህል አወጡና መልሰው በቅጠል ከደኑት። የቦካውን ሊጥ ውኃው እስኪወጣ ድረስ በእጃቸው ጨመቁት፤ ከዚያም በእንጨት ላይ አድርገው በቢላዋ ይከትፉት ጀመር። እኔም እንድሞክር ቢላዋውን ተቀብዬ ገና ጥቂት እንደከተፍሁ ክንዴ ዛለ። «ቃጫው ካልደቀቀ የሰው ጥርስ ውስጥ ይገባል» አሉኝ፤ ልጃቸው ወደ እኔ ተመልክታ በሳቅ ፈነዳች። ከተከተፈ በኋላ ተነፍቶ፣ ተለውሶ፣ በኮባ ቅጠል ላይ ስስ ተደርጎ ተዘረጋና ከነቅጠሉ ምጣድ ላይ ወጣ። ይህ ሁሉ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ተሰባስበው፣ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ በተጋደመ ሳንቃ ላይ በእግራቸው ደግፈው በቀርከሃ ይፍቁታል፤ የሥሩን ጉብ ይፍቀፍቁታል፤ ከሚፋቀው የሚወርደው ውኃ ሲረጋ ደግሞ ከታች የሚቀረው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል።

የቡላውን ገንፎ በቅቤ ለቁርስ ሠሩልን፤ ለአራስ የሚሠራው ይህ እንደሆነም ነገሩኝ። እውነቱን ለመናገር ከቆጮውም ከክትፎውም አስበልጬ የወደድሁት እርሱን ነው። አሚቾ የሚሉት የተቀቀለው የእንሰት ሥር ድንች ድንች ስለሚል አልከበደኝም። ክትፎው ኮባ በተነጠፈበት ጣባ ቀርቦ በቀንድ ማንኪያ ተበላ። ከዚያ ከተመለስሁ ወዲህ በአዲስ አበባ ክትፎ ቤቶች ቆጮ በደል ደርሶበታል ባይ ነኝ፤ ሁለት የደረቁ ቁራሾች ሳህኑ ጠርዝ ላይ ለወጉ ያህል ተደርገው ሲቀርቡ ሳይ፣ የእናትየው ክንድ ይታወሰኛል።

የእኔ ተራ የደረሰው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ እናቴ ከጎጃም በመጣችበት ሰሞን ነው። ከቤታችን አጥር ሥር የበቀለውን ሳማ አይታ ዝም ማለት አልቻለችም፤ ለጋ ለጋ ቅጠሉን ለቅማ ወጥ ሠራችበት። ሳማ በክረምት ጎተራ ሲጎድል የሚበላ ስለነበር በልጅነቴ ለጓደኛ የሚነገር ምግብ አልነበረም፤ ብንበላም ጎረቤት ሳያይ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚበቅለው የእኛው ሳማ፣ ፈላ ባለ ውኃ ሲቀቀል የሚለበልበው ጠጉሩ ኃይሉን ያጣል፤ ከዚያ በደንብ ተፈጭቶ በነጭ ሽንኩርትና በጨው፣ ጥቂት የገብስ ዱቄት ጣል ተደርጎበት ይንተከተካል። በማግስቱ ወጡን በምሳ ዕቃዬ ይዤ ብሄድም፣ ትሪው ላይ ከመገልበጤ በፊት ጎመን ነው ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር።

አልዋሸሁም። «ሳማ ነው» ስል ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ሙስሊሙ ባልደረባችን «የአምናው ክትፎ ለብለብ፣ የዘንድሮው ወጥ ደግሞ ለብላቢ» ብሎ ቀለደ። መጀመሪያ የጎረሰችው እርሷ ናት፣ ያውም ብቻውን፣ ያለ እንጀራ በማንኪያ፤ ፊቴን እያየች ቀስ ብላ አኘከች፣ ዋጠች፣ ጨው አንሶታል አለች። ጨው ተጨምሮ ትሪው ባዶውን ቀረ።

በሳምንቱ ሰኞ ከግቢዋ የለቀመችውን ጥሬ ሳማ ሙሉ ፌስታል ይዛ መጣችና እናቴ እንድትሠራልን ለመነችኝ። እስከ ዛሬ እየነቀለች የምትጥለው አረም እንደነበር እየነገረችኝ ግራ እጇን በቀኟ ታክ ነበር። የእጅ አንጓዋ ቀልቶ በጥቃቅን ሽፍታ ተሞልቶ ስላየሁ ደነገጥሁ፤ ወጡን አብልቼያት፣ ሲለቀም በጨርቅ ወይም በመቀስ መሆን እንዳለበት ሳልነግራት ቀርቼ ነበር።