ባዶ ሕንፃም ባለቤት አለው

የተተዉ ሕንፃዎችን ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ስለ ትራይፖድና ስለ ጨለማ ክፍሎች አውግተን ነበር። ዛሬ ወሬው ስለ አጥር ነው።

የምኖረው በርሊን ነው። ከከተማው ወጣ ስትሉ፣ ብራንደንቡርግ ውስጥ፣ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. እስከ 1994 ለቅቆት የሄደ ካምፕና ሆስፒታል ሞልቷል። እንደኔ ላለ ሰው ገነት ነው። ባለፈው ኅዳር ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ወደ አንዱ ካምፕ ሄድን። የሽቦ አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል። እኛ አልቀደድነውም፤ ሾልከን ገባን።

የጣሪያው ቀለም እንደ ድርቆሽ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። የግድግዳው ወረቀት በተላጠበት በኩል ከሥሩ የተለጠፈ የሩሲያኛ ጋዜጣ ብቅ ብሏል። ጓደኛዬ ቁራጩን ለማስታወሻ ልትልጠው እጇን ስትዘረጋ ከኋላችን ውሻ ጮኸ። ከዘበኛ ጋር ነው የመጣው። ዘበኛው ፖሊስ ጠራ፣ መታወቂያችን ተመዘገበ። «ኧረ ማንም የለበትም እኮ!» ብትል ፖሊሱ መልስ አልሰጣትም፤ ጣቱን ወደ አጥሩ ቀሰረ።

ቤት ገብቼ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ (ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ)። የሰው ይዞታ ውስጥ ያለፈቃድ መግባትን የጀርመን ወንጀል ሕግ ቁጥር 123 «ሃውስፍሪደንስብሩኽ» ይለዋል። ሰው የሚኖርበትን ቤት ብቻ ሳይሆን የታጠረ ይዞታንም ይጨምራል። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ነው። አንድ ቀዳዳ አጥሩን አጥር ከመሆን አያስቀረውም። ራሳችሁ ከቆረጣችሁት ደግሞ ንብረት ማበላሸት ይታከልበታል፤ እሱ እስከ ሁለት ዓመት ያስቀጣል። ያቺ የጋዜጣ ቁራጭስ? ብትወሰድ ስርቆት ናት፤ የስርቆት ቅጣት ጣሪያው አምስት ዓመት ነው። ለቁራጭ ጋዜጣ ይህን ያህል የሚፈርድ ዳኛ የለም፤ ክስ ግን ክስ ነው።

መግባቱ ብቻ ከሆነ ባለቤቱ ካላመለከተ ክስ የለም። ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንደሚባለው ነው። ባለቤቱ ድርጊቱንና ማን እንደገባ ካወቀ በኋላ ለማመልከት ሦስት ወር አለው። እኔም የፖስታ ሳጥኔን በከፈትኩ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለኝ ነበር። ምክንያቱም የዜግነት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ምርመራ ላይ ያለ ሰው ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ውሳኔ አይሰጠውም። መቀጮ እዚህ የሚሰላው በቀን ገቢ ነው፤ እስከ 90 ቀን ገቢ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዜግነት አያስከለክልም። መጠበቁ ግን አይቀርም። በመጨረሻ ፋይሉ ተዘግቷል የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ። ያን ቀን ቡና አፈላሁ።

ከሕጉ በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር አለ። ብራንደንቡርግ መሬቱ ያልፈነዳ ቦምብና ጥይት የበዛበት ክልል ነው። «ሌቤንስገፋር» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ፣ ለሕይወት ያሰጋል ማለቱ ለጌጥ አይደለም።

አሁን በፈቃድ ብቻ ነው የምገባው። ቤሊትዝ በምትባል ከተማ ድሮ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ይታከሙበት የነበረ ግዙፍ ሆስፒታል አለ፤ ትኬት ቆርጣችሁ ከአስጎብኚ ጋር መግባት ትችላላችሁ። ቩንስዶርፍ ያሉት ምሽጎችም እንደዚያው። ከሃያ ሰው ጋር እየተጋፉ ፎቶ ማንሳት ያናድዳል፣ አልዋሽም። ደግሞ ሰው ግቢ ውስጥ ያነሳችሁትን ፎቶ ለመሸጥ ካሰባችሁ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ፤ ከመንገድ ላይ ካነሳችሁት ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሰሞኑን ለአንድ አሮጌ የጡብ ፋብሪካ ባለቤት ኢሜይል ላክሁ። ስንት ሰው እንደምንሆን፣ ምን እንደምንይዝ፣ ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የራሳችን መሆኑን ጻፍኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን መለሰ፦ «ቅዳሜ ጠዋት ኑ። ሄልሜት አትርሱ።»

ጓደኛዬ ሄልሜት የላትም። የብስክሌቷን ይዛ ትመጣለች።