ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ውስጥ

ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ሥላሴ ካቴድራል ጎራ አልኩ። ሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር አጠገብ ብዙ ቆምኩ።

ከእናቷና ከእህቷ ጋር ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት ታግላ ደጋግማ ታስራለች። የርሃብ አድማ ስትመታ በቱቦ በግድ መግበዋታል። ባሰብኩት ቁጥር ይዘገንነኛል። ፋሺስት ሲወርረን ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ስለ እኛ የሚጮህ ሳምንታዊ ጋዜጣ እንግሊዝ አገር ጀመረች። ያውም ዓለም ፊቱን ባዞረብን ሰዓት! በ1948 ጠቅልላ አዲስ አበባ መጣች። መስከረም 17 ቀን 1953፣ በመስቀል ዕለት አረፈች።

ልጇ ሪቻርድም ያረፈው እዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ስንት ዓመት የወተወተ ሰው።

ከበሩ ላይ ሻማ ገዝቼ ተመለስኩ። ለሁለቱም አበራሁ።