መብራት ሲኖር ያጉረመርማል፣ ሲሄድ ይንጣጣል

«ልጄ፣ ይኼ ነገር የገደል ማሚቶ ነው እንዴ?»

ጋሼ ሄድፎኑን ከአንድ ጆሯቸው ላይ ገፋ አድርገው ነው እንዲህ ያሉኝ። ክራራቸውን እንደታቀፉ አንድ ክር መቱና ጠበቁ። ድምፁ ዘግየት ብሎ በሄድፎኑ መጣ። ደግመው መቱ፣ አሁንም ዘገየ። «እኔ ስጨርስ እሱ ይጀምራል» አሉና ክራሩን ጭናቸው ላይ አስተኙት።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ጋሼ ሁለተኛ ፎቅ ናቸው። በወጣትነታቸው ከሰርግ ሰርግ እየዞሩ ክራር ሲደረድሩ ኖረው አሁን ጡረታ የወጡ ሰው። እኔ ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፣ ማታ ማታ በላፕቶፕ ቢት፣ ማለትም የዘፈን ምት፣ እሠራለሁ። ከመገናኛ ያገለገለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ፣ የመሣሪያን ድምፅ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ዕቃ፣ ገዝቼ የመጣሁ ዕለት መጀመሪያ የታሰበኝ የጋሼን ክራር መቅዳት ነበር። ክራራቸው የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ፒክአፕ ተገጥሞለታል። ኬብል ሰክተህ ትቀዳለህ፣ አለቀ። ያለቀው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ላፕቶፔ ድምፅ እንደሚያዘገይ አላውቅም ነበር። የምሠራው በማውስ ነዋ። ከበሮውን በማውስ ትደረድራለህ፣ ፕሌይ ትላለህ፣ ይጫወታል። ትንሽ ዘግይቶ ቢጀምር ማን ልብ ይለዋል? እጅና ጆሮ የሚጣሉት ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ሲጫወት ነው።

ነገሩ የገባኝ በጀሪካን ነው። እኛ ሰፈር ውሃ ሲጠፋ ከታች በጀሪካን እንቀዳለን። ጀሪካኑ ትልቅ ከሆነ እስኪሞላ ብዙ ትጠብቃለህ፣ ግን አንዴ ካወጣኸው ለረጅም ሰዓት ታርፋለህ። ትንሽ ከሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ግን ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ ትውላለህ። ስትደክምና ስትዘገይ ደግሞ ቤት ያለው ውሃ ያልቃል። ኮምፒውተርም ድምፅን የሚያመላልሰው እንደዚሁ ነው። ጀሪካኑ በፈር ይባላል። ትልቅ በፈር ድምፁን ያዘገያል። ትንሽ በፈር ፈጣን ነው፣ ፕሮሰሰሩ ካልደረሰበት ግን ድምፁ መሀል ላይ ይቆራረጣል።

የኔ በፈር በአንዴ 2,048 የድምፅ ናሙና የሚይዝ ነበር። ሳምፕል ሬቱ 44,100 ነው፤ ማለትም በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙና። 2,048ን ለዚያ ስታካፍለው 46 ሚሊሰከንድ ይመጣል። ሲገባ አንድ ጀሪካን፣ ሲወጣ ሌላ ጀሪካን፣ ድምሩ 93 ሚሊሰከንድ። ትንሽ ይመስላል። ግን ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ 93 ሚሊሰከንድ ማለት 32 ሜትር ማለት ነው። ጋሼ እኔ ሳሎን ተቀምጠው እየተጫወቱ ስፒከሩ ማዶ ባለው ብሎክ በረንዳ ላይ እንዳለ ቁጠረው። የገደል ማሚቶ ማለታቸው ልክ ነበር።

በፈሩን ልቀንስ ስል ነው የድራይቨሩ ጉዳይ የመጣው። ድራይቨር ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ባለሱቁ በፍላሽ የጫነልኝ አሲዮ ፎር ኦልን ነበር። አሲዮ ራሱ ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው መንገድ ነው፤ የሙዚቃ ሶፍትዌሩ በዊንዶውስ ሚክሰር በኩል ሳይዞር ከድምፅ ካርዱ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር የተሠራ። አሲዮ ፎር ኦል ደግሞ የማንም ካርድ የራሱ ድራይቨር አይደለም። የዊንዶውስን ድራይቨር አሲዮ የሚመስል ካባ ያለብሰዋል። አልንቀውም፤ ኢንተርፌስ ሳይኖረኝ በላፕቶፑ ድምፅ ካርድ ስሠራ በጣም ጠቅሞኛል። ግን የራሱ አሲዮ ድራይቨር ያለው ዕቃ ገዝተህ ካባ ማልበስ ምን ይሉታል?

ኢንተርፌሱን ገልብጬ ከሥሩ የተጻፈውን ሞዴልና ትውልድ አነበብኩ። እዚህ ላይ አትቸኩል። ስሙ አንድ ሆኖ ሁለተኛ ትውልድና ሦስተኛ ትውልድ የሚባል አለ፣ ድራይቨራቸውም ሊለያይ ይችላል። ከአምራቹ ድረ ገጽ አወረድኩና ዕቃውን እንደሰካሁ ጫንኩት። ስህተት። መመሪያው መጀመሪያ ንቀል ይል ነበር፣ እኔ ግን መመሪያ የማነበው ነገሩ ሲበላሽ ነው። ዊንዶውስ የራሱን ድራይቨር ይዞ አልለቅም አለ፤ ግማሽ ቀኔን በላው። በመጨረሻ አሲዮ ፎር ኦልንም አዲሱንም አራገፍኩ፣ ዩኤስቢውን ነቀልኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ድራይቨሩን ጫንኩ፣ ከዚያ በኋላ ሰካሁት። ሠራ።

ቢቱን ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባል ሶፍትዌር ብሠራም ቀረጻው ሪፐር በሚባል ሌላ ሶፍትዌር ነው። እዚያ ኦፕሽንስ ውስጥ ፕሪፈረንስ፣ ከዚያ ኦዲዮ፣ ከዚያ ዲቫይስ ትላለህ። አሲዮን ትመርጥና ከሥሩ የዕቃህን ስም ትመርጣለህ። ሪፐርን የምወድበት አንዱ ምክንያት ከላይ በቀኝ ጥግ ሳምፕል ሬቱን፣ በፈሩንና መዘግየቱን ሁልጊዜ ጽፎ ማሳየቱ ነው። በፈሩን 128 ሳደርገው ገቢና ወጪው ተደምሮ 10 ሚሊሰከንድ አካባቢ አሳየኝ። ሦስት ሜትር ተኩል። ስፒከሩ ከማዶ ብሎክ ተነሥቶ እኔ ሳሎን ገባ።

ጋሼ በነጋታው መጡ፣ አንድ ክር መቱ፣ ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ። ከዚያ «ይኼ የሚያጉረመርመውስ ማነው?» አሉ።

እውነትም ከክራሩ ሥር እምምም የሚል ነገር አለ። ወፍራም፣ የማያቋርጥ። ሁለት ሙከራ እንዳደረግን መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ስለሚሠራ ቀጠልን። ጉርምርምታው ጠፋ። በሱ ፈንታ ድምፁ ምጣድ ላይ እንደሚቆላ ሽምብራ መንጣጣት ጀመረ። ጣ፣ ጣጣ፣ ጣ። መብራት መጣ፣ መንጣጣቱ ቀረ፣ ጉርምርምታው ተመለሰ።

የደረስኩበት ድምዳሜ የማንኛውም አዲስ አበቤ ነው፦ የመብራት ጣጣ ነው። ስታቢላይዘር ገዛሁ። ከቃሊቲ በሚኒባስ ጭኜ፣ አራት ፎቅ ተሸክሜ አወጣሁት። ምንም አልለወጠም። አሁን ፍሪጁን ይጠብቃል፤ ቢያንስ ለፍሪጁ ሆነ።

የረዳኝ ደብተር ነው። አንድ ገጽ ለሁለት ከፍዬ በአንዱ በኩል «መብራት ሲኖር»፣ በሌላው «ሲሄድ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ የምሰማውን አሰፈርኩ። ጽፌ ሳየው ነው የነቃሁት። አንድ በሽታ ሁለት ጊዜ መልኩን እየለወጠ የመጣብኝ መስሎኝ ነበር። ሁለት በሽታ ነው፣ የማይተዋወቁ። አንዱ የኤሌክትሪክ ነው፣ ሌላው የዊንዶውስ።

ጉርምርምታው ላይ አንድ ፍንጭ ነበረኝ፣ ግን አላስተዋልኩትም። ቻርጀሩ ተሰክቶ ላፕቶፑን በባዶ እጄ ስዳስሰው ይነዝረኛል። ቀለል ያለ፣ እንደ መኮርኮር ያለ ንዝረት። ሁለተኛው ፍንጭ፣ ጋሼ የኬብሉን ብረት ሲነኩ ጉርምርምታው ይቀንሳል። ጎረቤቴ ኤሌክትሪሻን ነው፣ ጠራሁት። ቴስተሩን ሰክቶ ሁለት ሰከንድ አልቆየም። ሶኬቱን ፈታው። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከኋላ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ከምንም ጋር አልታሰረም። «ኤርዝህ ተኝቷል» አለኝ እየሳቀ። ኤርዝ የሾለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ ነው። ከቻርጀሩ የሚሾልከው ትንሽ ኤሌክትሪክ መውረጃ ስላጣ ላፕቶፑ አካል ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በዩኤስቢው በኩል ኢንተርፌሱ ውስጥ ይገባል። የኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የሚሰማውም ያ ወፍራም ድምፅ ነው። ሽቦውን አሰረው፣ ከታች ማከፋፈያው ላይም አረጋገጠ። እኔ ደግሞ ቻርጀሬን ባለ ሁለት እግር አስማሚ ላይ መሰካቴን አቆምኩ። ሶኬት ታስሮ አስማሚው ኤርዙን ከቆረጠው ምን ዋጋ አለው።

በነገራችን ላይ ጉርምርምታን ለማጥፋት ከስፒናው ላይ የኤርዙን እግር የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። አንዳንዴ ይሠራላቸዋል። የጋሼ ክራር የብረት ክር ነው፣ ክሩ ከእጃቸው አይለይም፤ ኤሌክትሪክ ቢሾልክ የሚይዘው እሳቸውን ነው። እኔ አላደርገውም።

መንጣጣቱ ሌላ ታሪክ ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ባትሪ ልቆጥብ ይልና ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ ፕሮሰሰር ትንሿን ጀሪካን በሰዓቱ ሞልቶ አያደርስም፣ ቤት ያለው ውሃ ያልቃል፣ ጣ ይላል። ዊንዶውስ ለቻርጀርና ለባትሪ የተለያየ ቅንብር እንዳለው አውቅ ነበር፣ ግን ፐርፎርማንስ ያደረግኩት የቻርጀሩን ብቻ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ ገብቼ በባትሪው በኩልም ዝቅተኛውን የፕሮሰሰር አቅም 100 በመቶ አደረግኩ፣ ዩኤስቢን የሚያስተኛውንም አጠፋሁ። አብዛኛው መንጣጣት ጠፋ። ባትሪው አሁን ቶሎ ያልቃል። ይለቅ፣ የምቀዳበት ሰዓት ብቻ ነው።

የቀረችው ጣ ግን አላስተኛኝም። በየጥቂት ደቂቃው አንዴ ትመጣለች። ሌተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም አውርጄ አሥር ደቂቃ ለቀቅኩት። የትኛው ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ይዞ እንደሚያቆይ ይነግርሃል። የቀላው ከኔትወርክ ጋር የሚሠራው ነበር። ዋይፋዩን አጠፋሁ፣ መስመሮቹ ወደ አረንጓዴ ተመለሱ። ያን ሁሉ ሳምንት ስቀዳ ቴሌግራም ከኋላ ክፍት ነበር።

በመጨረሻ ቀዳን። አንድ ትዝታ፣ ሁለት ደቂቃ ከምናምን። ለጋሼ በስልካቸው ላክሁላቸው። ማታ ደወሉ። «ልጄ፣ ይኼ የኔ ክራር አይደለም።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ጎርንኗል። ደግሞ እንዲህ ተጎትቼ አልጫወትም።»

እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። ክራራቸውን ይዘው መጡና ከቅጂው ጋር አስተያየነው። ቅጂው በአንድ ተኩል ግማሽ ቶን ገደማ ወርዷል፣ ቀስ ብሏልም። ሳጣራ ኢንተርፌሱ 48,000 ላይ ተቀምጦ ኖሯል፣ ሪፐር ደግሞ 44,100 ነው ብሎ ፋይሉን ጽፎታል። በሰከንድ 48,000 ናሙና የገባውን በ44,100 ፍጥነት ስታጫውተው ይጎተታል፣ ይጎረንናል። የትዝታ ቅኝቱ ግን አልተሰበረም፣ ሁሉም ክር እኩል ነው የወረደው። ለዚህ ነው እኔ ያልነቃሁት። እሳቸው ግን ክራራቸውን በድምፁ ያውቁታል። አሁን የዕቃው ፓነል፣ ሪፐርና ዊንዶውስ ሦስቱም 48,000 ላይ ናቸው፤ ከመቅዳቴ በፊት ያቺን የቀኝ ጥግ ጽሑፍ ሳላያት አልጀምርም።

ቅዳሜ ከሰዓት እንደገና ተቀመጥን። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ዋይፋዩን አጠፋሁ፣ ጋሼ ቅኝታቸውን አስተካከሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። መሀል ላይ የላፕቶፑ ስክሪን ትንሽ ደብዘዝ አለ። ቻርጀሩን አየሁት፣ መብራቱ ጠፍቷል። ፍሪጁም ዝም ብሏል። ትንፋሼን ይዤ ጣ የሚለውን ጠበቅኩ።

ጋሼ እንደጨፈኑ ቀጠሉ። ጨርሰው ሄድፎኑን ሲያወልቁ «ምነው ፊትህ?» አሉኝ።

«መብራት ሄዶ ነበር።»

«መቼ?»