ለቲቸር ሙት ዓመት የሕይወት ታሪካቸውን እንዴት እንደጻፍኩ

በየቀብሩ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ የት ሠሩ፣ ስንት ልጅ አፈሩ። ከዚያ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ» ይባልና ያልቃል። የቲቸር ሙት ዓመት ሲቃረብ ባለቤታቸው ጠሩኝና «አንተ ጻፈው። ግን የእሱን እንጂ የማንንም ሰው ታሪክ እንዳይመስል» አሉኝ። «እሺ እትዬ» ብዬ ወጣሁ። እንዴት እንደሠራሁት የማወራው ይኸው ኃላፊነት ነገ የእናንተም ሊሆን ስለሚችል ነው።

ስማቸውን እዚህ አላነሳም፤ ቤተሰቡ እንዲያ መርጧል። አቃቂ አካባቢ ታሪክ ያስተምሩ ነበር፤ የትምህርት ቤታችንን የክርክር ክበብ ያሠለጠኑትም እሳቸው ናቸው። እኛ «ቲቸር» እንላቸዋለን። የቁምስናው ማለትም የካቶሊክ አጥቢያው ሰው ደግሞ «ጋሼ» ይላቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምራሉ። ከሰዓት የታመመና ጧሪ የሌለው ሰው ቤት ይዞራሉ። መቁጠሪያቸው ከኪሳቸው አይጠፋም።

«እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። ሁሉም «ኧረ እሳቸውማ መልአክ ነበሩ» ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ትንንሽ ጥያቄዎች ይዤ ዞርኩ። መጨረሻ ያያችኋቸው የት ነው? ምን ይዘው ነበር? ምን አሏችሁ? ያኔ ነው ወሬው የሚመጣው። አንዲት ጎረቤት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ጉልበቴን እንዴት እንዳደረገኝ ይጠይቀኛል። ይዞት የመጣውን ዘይት ሲወጣ ነው በር ሥር የሚያስቀምጠው። ለዘይቱ ብሎ የመጣ እንዳይመስል።» ይህን በስንት «ደግ ነበሩ» እለውጠዋለሁ?

እሳቸው የሚረዷቸውን ሰዎች ስምም ሰፈርም አልጻፍኩም። ችግርን በሕዝብ ፊት መስማት ከባድ ነው። የጻፍኩትን ለየባለቤቱ አነበብኩለት። አንዷ «ይሄን አውጣልኝ» አለችኝ፤ አወጣሁት። ቆንጆ ታሪክ ነበር፤ ግን የእሷ ነው።

ቲቸር በክርክር ላይ «ይባላል» የምትለውን ነገር አይታገሡም ነበር። «ማን አለ? የት አየኸው?» ይሉናል። የሕይወት ታሪካቸውንም በዚያው መንገድ መሥራት ነበረብኝ። በልደት ዘመናቸው ላይ ዘመዶቻቸው አልተስማሙም፤ መልሱ የተገኘው ቁምስናው ካለው የጥምቀት መዝገብ ነው። የጥምቀት መዝገብ የተጠማቂውን፣ የወላጆቹን፣ የአጥማቂውን ካህንና የክርስትና አባት ወይም እናት የሆነውን ሰው ስም ይይዛል። ቆሞሱ ማለትም የቁምስናው ኃላፊ ካህን መዝገቡን ለእኔ አልሰጡኝም፤ የሌላም ሰው ምስጢር አለበት። ራሳቸው እያገላበጡ አነበቡልኝ። የቲቸር ስም ከአንድ ቦታ በላይ ወጣ። ከራሳቸው ጥምቀት ብዙ ዓመታት በኋላ ባሉት ገጾች ላይ ደጋግሞ የክርስትና አባት ሆነው ተመዝግበዋል። ባለቤታቸው እንኳ ሁሉንም አያውቁም ነበር።

ያስቸገረኝ ሌላ ነው። በእጄ የነበረው ታሪክ የሁለት ሰዎች ይመስል ነበር፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ሌላው የክርክር አሠልጣኝ። ያገናኘልኝ ራሳቸው በክበቡ ደጋግመው የሚነግሩን ታሪክ ነው። በ1833 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ፍሬዴሪክ ኦዛናም የሚባል የ20 ዓመት የሕግ ተማሪ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር በሚሟገቱበት ጉባኤ ስለ ክርስትና ሲከራከሩ ተቃዋሚዎቻቸው አንድ ጥያቄ ጣሉባቸው። ቤተ ክርስቲያን ድሮ ብዙ ሠርታ ይሆናል፤ እናንተ ግን ዛሬ ለድሃው ምን እያደረጋችሁ ነው? ኦዛናም ለዚህ ሌላ ንግግር አላዘጋጀም። ከጓደኞቹ ጋር የድሆችን በር ማንኳኳት ጀመረ። ሰፈሩን ያሳየቻቸው እዚያው ድሆችን ስታገለግል የኖረችው ሲስተር ሮዛሊ ረንዱ ናት። የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የተወለደው ከዚያ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የኦዛናምን ብፅዕና አውጀዋል።

ቲቸር ይህን የሚነግሩን ካቶሊክ እንድንሆን አልነበረም። አብዛኞቻችን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ጴንጤ ነበርን፤ በረመዳን ሙስሊም ልጆች ለኢፍጣር ቤታቸው እንዲደርሱ ሰዓቱን ያስተካክላሉ። የተቃዋሚን ጥያቄ ከልብ መስማት የት ድረስ ሊወስድ እንደሚችል ሊያሳዩን ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፦ መልስ ከመስጠትህ በፊት የባላጋራህን ሐሳብ ድገመው፤ እሱ «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት» ካላለ መቀጠል የለም። የበልሃ ልበልሃን ሙግት እየጠቀሱ «ተጠየቅ ያልከው ሰው ሲመልስ ጆሮህ የት ነበር?» ይላሉ። «ዕውቀት ይሻላል ወይስ ሀብት» የሚለው የታወቀ ርዕስ እንኳ በእሳቸው ክበብ ላብ ያስወጣ ነበር፤ የምትጠላውን ወገን ነው የሚሰጡህ።

ይህን ሁሉ የሚያወድስ ሰው ሞልቷል። እኔ ግን የተቀየማቸውንም ፈለግሁ። ከቡድኑ ያስወጡት አንድ የድሮ ተማሪ ነበር፤ አሁን ቃሊቲ ይነግዳል። «የተንተባተበ ልጅ ላይ ስቄ ነው። ሜዳ ላይ አስወጡኝ። ዓመቱን ሙሉ ጠላኋቸው» አለኝ። ቲቸር ግን ከክበቡ አላባረሩትም። ሰዓት ያዥ አደረጉት። ሰዓት የያዘ ሰው አይናገርም፤ እያንዳንዱን ተናጋሪ እስከ መጨረሻው ይሰማል። «ያ ልጅ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው» አለ። ከሰበሰብኩት ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ከወዳጅ ብቻ የተሰበሰበ ታሪክ ሰውየውን ያሳንሰዋል ብዬ አምናለሁ። ሲያስቀይሙም ምን እንዳሰቡ መታየት አለበት።

ጽሑፉ ረዝሞ ነበር። ቆሞሱ ከቅዳሴ በኋላ አጭር ጊዜ ሰጡኝ፤ ሰው ማዕድ ይጠብቃል። ሹመቱን፣ የምስክር ወረቀቱን፣ የተሸለሙበትን ቀን አወጣሁ። ዘይቱ፣ መዝገቡ፣ ኦዛናምና ሰዓት ያዡ ቀሩ። ሌላም ያሰብኩበት ነገር ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። እዚያ ከሚመጣው የዕድሩና የትምህርት ቤቱ ሰው ብዙው ካቶሊክ አይደለም። ስለዚህ ለቁምስናው ሰው ብቻ የሚገባ አነጋገር አልተውኩም። ቅዳሴው ራሱ በግእዝ፣ ከበሮና ጸናጽል ይዞ ስለሆነ አንዳንዱ ጎረቤት «እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር» እያለ ነው የወጣው።

ያነበበችው የዘንድሮው ክበብ አባል የሆነች ልጅ ናት። እኔ ባነብ ድምፄ አይጸናም ነበር። ቃሊቲ የሚነግደውን ሰው አስቀድሜ አስፈቅጄው ስለነበር ክፍሉ ሲነበብ ከኋላ ቆሞ ሰማ። ሲያልቅ ወደ ልጅቷ ሄዶ ክበቡ መቼ እንደሚሰበሰብ ጠየቃት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን ለወንድሙ እየተወ መጥቶ ይዳኛል።