24 ዲግሪ

ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል። ስልኬን በፊቱ ደፍቼ ሌላኛው ክፍል ትቼው መጣሁ። ትልቋ ደውላ ነበር፣ ስለ ትንሿ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትንሿ ደውላ ነበር፣ ስለ ትልቋ። ለሁለቱም «እውነትሽን ነው» አልኳቸው። የሚገርመው ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስልኩን ስዘጋ ሁሉም ነገር አስጠላኝና መብራቱን አጥፍቼ፣ ወንበር ስቤ፣ የዓሣዎቹ ገንዳ ፊት ተቀመጥኩ።

«የዓሣዎቹ» እላለሁ እንጂ ዓሣ የለበትም። 60 ሊትር ውሃ፣ ጠጠር፣ አንድ ተክል፣ ሌት ተቀን የሚያጉተመትም ማጣሪያ። ትልቋ በወሬያችን መሃል «ምንድነው እሱ ድምፅ?» ስትለኝ «ዓሣዎቹ ናቸው» አልኳት። ዓሣ ድምፅ አለው እንዴ ብላ አልተከራከረችኝም። የተናደደ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም።

ቴርሞሜትሩ 24 ይላል። ማንም በሌለበት ውሃ ውስጥ አሁንም 24።

ይህቺ ቁጥር ከየት እንደመጣች ላስታውስ። ያኔ፣ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነበር የፈለግኩት። ገንዳውን በገዛሁ ቀን ሞላሁት፤ በሞላሁት ቀን ዓሣ ጨመርኩበት። ሁለት ጎልድፊሽ፣ አንድ ሰማያዊ ቤታ፣ ስድስት ኒዮን ቴትራ። የመረጥኳቸው በቀለም ነው። መጋረጃ እንደሚመርጥ ሰው። ቤት ደርሼ ሳነብ ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለ ውሃ ደስ ይለዋል፤ ቤታ ከ25 እስከ 27 ይፈልጋል። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ አንዱን ወገን ይመልሳል። እኔ ግን ሁሌ የማደርገውን አደረግኩ፤ መሃሉን ፈልጌ 24 ላይ አቆምኩት። ጎልድፊሾቹን የሚያሞቃቸው፣ ቤታውን የሚያበርደው፣ እኔን ብቻ ደስ የሚለኝ ቁጥር።

አልጮሁም። ዓሣ አይጮህም፤ ችግሩም እሱ ነው። ቤታው ጥግ ይዞ መቀመጥ ሲያበዛ «ረጋ ያለ ነው» አልኩ።

ኒዮኖቹን በተመለከተ ብዙ አላወራም። ስድስት የነበሩት አራት ሆኑ፣ ከዚያ ሁለት። ጎልድፊሽ አፉ የቻለውን ሁሉ እንደሚውጥ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ከተክሉ ሥር ተደብቀው መስሎኝ በባትሪ ስፈልጋቸው ነበር፤ ጎልድፊሾቹም መብራቱን ተከትለው አብረውኝ ይፈልጉ ነበር።

ቦታው ሰፋ ሲልብኝ ሦስት ታይገር ባርብ ጨመርኩ። ጥቁር መስመር ያላቸው፣ ቀልጣፋ፣ የሚያምሩ። ባርብ ከስድስት በላይ ሆኖ ሲኖር እርስ በርሱ ይባረራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ ሌላውን ብዙም አይነካም። ጥቂት ሲሆን ግን ጥርሱን ወደ ጎረቤት ያዞራል። ጎረቤቱ ደግሞ እንደ ሻሽ የተዘረጋ ጅራት ያለው፣ በብርድ የፈዘዘ ቤታ ነበር። በሦስት ቀን ጅራቱ የተተለተለ ጨርቅ መሰለ።

ከዚያ ትልቋ ጎልድፊሽ ላይ (ትልቋ ስል ዓሣዋን ነው) ነጭ ነጠብጣብ አየሁ። ጨው የተነሰነሰባት ትመስላለች። በሽታው ነጭ ነጠብጣብ ይባላል፤ በዓይን የማትታይ ተውሳክ ቆዳዋ ሥር ገብታ ስትወፍር ነው ያቺ ነጥብ የምትታየው። ስለ መድኃኒቱ አነበብኩ፤ ሰማያዊውን፣ ሜቲሊን ብሉ የሚሉትን አመጣሁ፤ በልኩ ጠብ አደረግኩ። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ጠርቶ አገኘሁት። «መድኃኒቱን ተጠቀሙበት ማለት ነው» አልኩና ደገምኩ። በሦስተኛው ቀን ነው ማጣሪያው ውስጥ ያለው ጥቁር ከሰል ትዝ ያለኝ። የከሰሉ ሥራ ከውሃው ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር መምጠጥ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳክም የነበረው ከሰሉን ነው።

ከሰሉን ላወጣ ማጣሪያውን ስከፍት ስፖንጁን አየሁት። ቡናማ፣ የሚያዳልጥ፣ የሚያስቀይም። ዓሣዎቼ የታመሙት በዚህ ቆሻሻ ነው አልኩ። ቧንቧ ሥር ይዤ አሸሁት፣ ጨመቅኩት፣ እንደገና አሸሁት፤ ገና ከሱቅ የወጣ እስኪመስል።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ ያወጣሁት አሞኒያ ነው።

ያ ቡናማ ነገር ቆሻሻ አልነበረም፤ ማጣሪያው ማለት እሱ ነበር። ስፖንጁ ቤት ነው፣ ሥራውን የሚሠሩት ነዋሪዎቹ ናቸው። ዓሣ ከስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አንደኛው ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ስለዚህ ሌላኛው ዓይነት ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል፤ እሱ ብዙም አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ውሃ ሲቀየር ይወጣል። ይህን የሥራ ክፍፍል በፈረንጆቹ 1890 ገደማ አፈር ላይ ሲመራመር የደረሰበት ቪኖግራድስኪ የሚባል ሳይንቲስት ነው። እኔ በአንድ ከሰዓት በቧንቧ ውሃ ጠረግኳቸው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የሚገባበት ለዚሁ ነው፤ ባክቴሪያ ለመግደል። ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ በቂ ነበር። የተረፈ ካለም ሰማያዊው መድኃኒት ጨረሰው፤ እሱም ጠቃሚ ባክቴሪያ ከጎጂ አይለይም።

በዚያ ላይ የተውሳኩ ዕድሜ ቶሎ እንዲያልቅ ሙቀቱን ከፍ ማድረግ ይረዳል የሚል አንብቤ 29 አደረስኩት። ምክሩ ልክ ነው። ግን የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ አሞኒያም ሙቀት ሲጨምር መርዝነቱ ይብሳል። ጎልድፊሾቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጉ ጀመር። የአሞኒያ መመርመሪያው ጠብታ ቢጫ ሆኖ መቅረት ነበረበት፤ አረንጓዴ ሆነ፣ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ። ቤታው ብቻ ከስንት ሳምንት በኋላ ሞቆት፣ በተተለተለ ጅራቱ ሽር ብትን ይላል። እሱ ከውሃው በላይ ያለውን አየር መሳብ ይችላል።

የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በመሃል አንድ ቀን ነጠብጣቦቹ ጠፉ። ቆዳዋ ጠራ። ዳነች ብዬ መድኃኒቱን አቆምኩ፤ ሰውም ጠርቼ አሳየሁ። ለካ ነጥቧ ስትጠፋ ተውሳኳ ጠግባ ወርዳ ጠጠሩ ላይ ተጣብቃለች። እዚያ ተከፋፍላ በመቶ የሚቆጠሩ ትሆናለች፤ ሁሉም ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒት የሚያገኛቸው ያኔ፣ ሲዋኙ ብቻ ነው። ቆዳ ሥር ያለችውን አይነካትም፣ ጠጠር ላይ የተጣበቀችውንም አይነካትም። ማለትም ማከም የነበረብኝ ምንም በማይታይበት ጊዜ ነበር። እኔ ደግሞ ምንም ካልታየኝ ሰላም ነው ብዬ የማድር ሰው ነኝ። በበዓሉ እነዚያ የሚደውሉልኝ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ዝም ብለው ሲቀመጡ ታረቁ ብዬ ደስ ያለኝ እኔው አይደለሁ?

በአምስተኛው ቀን ነጠብጣቡ ተመለሰ፣ በሁሉም ላይ። ትልቋ ጎልድፊሽ ሞተች።

የተረፉትን በሌላ ዕቃ አክሜ፣ ሲሻላቸው ጎልድፊሿ ኩሬ ላለው ሰው፣ ባርቦቹ የባርብ መንጋ ላለው ሰው ሄዱ። ሁለቱ ኒዮኖች ብዙ ኒዮን ወዳለበት ገንዳ ተጨመሩ። ቤታው ጠረጴዛዬ ላይ በትንሽ ገንዳ፣ በ26 ዲግሪ፣ ብቻውን ነው። ጅራቱ ከዳር እያቆጠቆጠ ነው፤ አዲሱ ቀለም የለውም፣ እንደ ላስቲክ ያሳያል። መስታወቱ ላይ የራሱን ጥላ ሲያይ ስንጥቡን ነፍቶ ይቆጣል። ተጣይ ካጣም ራሱን አያጣም።

እዚህ ባዶው ገንዳ ውስጥ ደግሞ የማሳድገው ባክቴሪያ ነው። ዓሣ ስለሌለ የሚበላው እንዲያገኝ በየጠዋቱ ቆንጠር አድርጌ የዓሣ ምግብ እበትናለሁ፤ ምግቡ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል፣ እነሱ ይበሉታል። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አሁን ሦስተኛው ላይ ነኝ። ቀስ እያለ ስፖንጁ መልሶ ቡናማ እየሆነ ነው፤ ሳየው ደስ ይለኛል። ቤት ለመጣ ሰው ግን እንዴት ይነገራል? «ምን ታረቢያለሽ?» ሲሉኝ ምን እላለሁ?

ባክቴሪያዎቹም ሞቅ ሲል ነው ቶሎ የሚባዙት፤ ከ25 በላይ። ታዲያ ለምን መልሼ 24 ላይ አቆየሁት? የሚበርደው የለ፣ የሚሞቀው የለ። አንድ ጊዜ እንኳ ለአንድ ወገን ልወስን፣ 28 ላድርገው ብዬ አሁን ተነሥቼ የማሞቂያውን ቁልፍ ያዝኩ።

ከዚያ መስታወቱ ላይ ቀንድ አውጣዋን አየኋት። ከተክሉ ጋር ሳትጠራ የመጣችው ናት፤ ከምስር ብዙ አትበልጥም፤ ቀንዶቿን አውጥታ ቀስ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። ለሷ 28 አይበዛባትም?

26 ላይ ተውኩት።