አራት ሰው ያጠጣው ችግኝ

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ችግኝ ምናፈላበትን ድንኳን፣ የቴንቱን ዚፕ ስከፍት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው። እርጥብ ጆንያ ጓዳ ውስጥ ሦስት ቀን ሲረሳ ሚሸተው ነገር አለ አይደል፣ እሱ። ከዛ ነው ችግኞቹን ያየሁት፣ አርብ ማታ ቀጥ ብለው ትቻቸው የሄድኩት የፈረንጅ ቃሪያ ችግኞች ግማሹ አንገቱን ደፍቷል፣ ግማሹ ጭራሽ ትሬው ላይ ተኝቷል። እና ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ጆግ አንስቼ ውሃ አጠጣኋቸው።

ይሄን ነገር ለብዙ ሰው አልተናገርኩም፣ ምክንያቱም የተማርኩት ፕላንት ሳይንስ ነው፣ ዘበኛችን ራሱ "ዶክተር" እያለ ነው ሚጠራኝ (ዶክተር አይደለሁም፣ ማስተርስም የለኝም፣ ግን አንዴ የታመመ የቡና ተክሉን አይቼ ምን እንደሚያደርግ ነግሬው ስለዳነለት ማዕረጉን እሱ ነው የሰጠኝ)።

ሥራችን ትንሽ ነው፣ ለገጣፎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ችግኝ አፍልተን ለአትክልት አምራቾች እንሸጣለን። በፊተኛው ክረምት ውጪ ሼድ ኔት (የጥላ መረብ) ስር ያፈላነውን ቲማቲም በረዶ በአንድ ከሰዓት ድምጥማጡን ስላጠፋው አለቃዬ "ዘንድሮ ቤት ውስጥ ነው" ብሎ ግሮው ቴንት ሚሉትን ነገር አመጣ፣ ውስጡ እንደ ብር ሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንኳን ነው፣ ከላዩ ኤልኢዲ መብራት ይንጠለጠላል፣ ጎኑ ላይ እርጥቡን አየር ሚያስወጣ ፋን አለው። እዛ ውስጥ 20 ትሬ ዘራን፣ አንዱ ትሬ 128 ጉድጓድ፣ በድምሩ 2,560 ፍሬ። ሃይብሪድ ቃሪያ ዘር ደግሞ በፍሬ ተቆጥሮ ነው ሚሸጠው፣ ስንዘራ አንዷ ፍሬ ከእጄ ወድቃ አለቃዬ ተንበርክኮ በስልክ መብራት ሲፈልጋት አይቻለሁ። አግኝቷታልም።

ዘሩ ሰኔ አጋማሽ ላይ ተዘራ፣ ደንበኛው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ 2,200 ችግኝ ሊወስድ ቀብድ ከፍሏል። መጀመሪያ ላይ እኮ ጥሩ ነበር፣ በቅሎ፣ ሁለት እውነተኛ ቅጠል (ሲበቅል ይዟቸው ከሚወጣው ቅጠሎች ቀጥሎ ሚመጣውን) አውጥቶ፣ ትንሽ ቀጠን ቀጠን ያለ ነገር ቢሆንም (መብራቱን በጣም ከፍ አድርገን ሰቅለነው ነበር፣ እሱን ቶሎ አስተካከልን)። ከዛ ሐምሌ ገባ። የኛ ሰፈር ሐምሌ ታውቁታላችሁ፣ ሌሊት ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፣ ፀሐይ አይታይም፣ ልብስ ራሱ ሦስት ቀን አይደርቅም። ቃሪያ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው፣ ከ20 በላይ ከሆነ ነው ደስ ሚለው። ስለዚህ ሂተር አስገባን። ሂተሩና ፋኑ አንድ ላይ ሲሰሩ ብሬከሩ ይጥላል፣ ሌሊት ሁለት ሦስቴ ጣለ፣ እኔም "ከሁለቱ ሂተሩ ይሻላል" ብዬ ፋኑን አጠፋሁት። ይቺን ያዙልኝ።

ወደ ሰኞ ልመለስ። አጠጣሁ አይደል፣ ከዛ ለአለቃዬ ደወልኩ። የመጀመሪያ ጥያቄው ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ "ውሃ አጠጣሃቸው?" አዎ አልኩት። "ድገማቸው" አለ። እኔም ከሰዓት ደገምኳቸው። ማክሰኞ ሲብስባቸው፣ ቅጠላቸውም ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ምግብ አንሷቸው ነው ብዬ 20-20-20 ማዳበሪያ በጥብጬ ሰጠኋቸው፣ ማለትም ተቅማጥ ለያዘው ሰው ክትፎ እንደማቅረብ በሉት። ያም አልበቃ ብሎኝ ዘሩን ለሸጠልን ልጅ በቴሌግራም "ዘራችሁ ችግር አለበት" ብዬ አራት ፎቶ ላክሁለት፣ አራቱም የቅጠል ፎቶ። ልጁ አልተቆጣም፣ አልተከራከረም፣ አንድ መስመር ብቻ መለሰልኝ፣ "ወንድሜ አንዱን ነቅለህ የሥሩን ፎቶ ላክልኝ እስቲ።" እኔ ደግሞ ሰበብ ሚፈልግ መስሎኝ ተናድጄ ዝም አልኩት።

ረቡዕ እትዬ መጣች። እትዬ በሳምንት ሁለቴ እየመጣች ችግኝ በማዛወርና ትሬ በማጠብ ምታግዘን ሴትዮ ናት፣ ከኛ በፊት አበባ እርሻ ፕሮፓጌሽን (ችግኝ ማባዣ) ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሰርታለች። ወረቀት የላትም፣ ግን እጇ ብዙ ያውቃል። ቴንቱን ከፍታ ትንሽ አሸተተችና ምንም ሳትል አንዱን ትሬ ብድግ አድርጋ ለኔ አቀበለችኝ።

"ከበደህ?"

"አዎ ይከብዳል።"

"ታዲያ ውሃ የጠማው ነገር እንዲህ ይከብዳል እንዴ?"

በቃ፣ ትምህርቴ ሁሉ በዛች ቅጽበት ተመልሶ መጣ፣ ግን በጣም ዘግይቶ። ቀጥላ አንዱን ችግኝ በሁለት ጣቷ ነቀለችው፣ ሥሩ ነጭ መሆን ሲገባው የሻይ ቀለም ይዟል፣ በጥፍሯ ሳብ ስታደርገው የላዩ ልባስ እንደ ካልሲ ተንሸራቶ ወለቀና ውስጡ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ፒቲየም ሚባለው ሥር አበስባሽ አንዱ ምልክቱ ይሄ ነው፣ ፈተና ላይ ጽፌው ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ፣ በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። "አበባ እርሻ እያለን ሥሩ ነጭ ካልሆነ አንድ ሳምንት ነበር ምንሰደበው" አለች፣ ፈገግ ብላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር ውሃ ብቻ አይደለም ሚፈልገው፣ አየርም ይፈልጋል። ኮኮፒቱ (በአፈር ፋንታ ምንዘራበት የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ውስጥ ያለው ክፍተት ሁሉ በውሃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል፣ የታፈነ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ያቆማል፣ ስለዚህ ችግኙ ውሃ ውስጥ ቆሞ በውሃ ጥም ይጠወልጋል። ከላይ ስታየው የጠማውም የሰመጠውም አንድ ዓይነት ነው፣ አንገት መድፋት። ለዛ ነው ቅጠል ብቻ አይቶ መፍረድ ሰው ሚያሳስተው። በዛ ላይ ብርድ ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ፋኑ ጠፍቷል (በኔው በራሴ)፣ የአየር እርጥበት መለኪያው 92 በመቶ ይላል፣ ችግኙ በቅጠሉ በኩል ምንም ማትነን አልቻለም፣ ስለዚህ የሰጠነው ውሃ ወዴትም አይሄድም። ውሃው ራሱ ደግሞ ከውጪ ሮቶ ሚቀዳ፣ ሌሊቱን ብርድ ሲመታው ያደረ፣ እጅህን ስትነክር ሚቆረጥም ነው። ባለፈው ሳምንት ቴንቱ ውስጥ ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች አይቼ "ከኪችን መጥተው ነው" ብዬ ያለፍኳቸውም ለካ እርጥብ ኮኮፒት ላይ እንቁላል ሚጥሉ፣ ልጆቻቸው ሥር ሚበሉ ናቸው።

ግን አሁንም አንድ ነገር አልገባኝም። እኔ በቀን ሁለቴ፣ ያውም በልክ ነበር ማጠጣው፣ ነጭ ሰሌዳው ላይም ጽፌዋለሁ፣ "ጠዋት 2፣ ማታ 11።" ትሬው እንዲህ ድረስ እንዴት ከበደ? ሻይ ላይ ተሰብስበን ስንጠያየቅ ነው ጉዱ የወጣው።

የአለቃዬ የእህት ልጅ አፓረንት ልትወጣ እኛ ጋር ነበረች፣ ጎበዝና ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ለሷ የተጻፈ መስሏት እኔ ካጠጣሁ በኋላ ሁሌ በሰዓቱ ታጠጣለች። አለቃዬ ደግሞ እንግዳ ባመጣ ቁጥር ስፕሬይ ይዞ እየረጨ ያስጎበኛል፣ እንግዳ ደግሞ አይጠፋም። ይሄ ሦስት ሆነ። ዘበኛችን ጥግ ላይ ቆሞ ሲሰማን ቆየና ኮፍያውን አውልቆ "እኔም አለሁበት" አለ።

"እንዴት ጋሼ?"

"ቅዳሜና እሁድ እናንተ የላችሁም። አንገታቸውን ደፍተው እያየሁ ዝም ልበል? ነፍስ ያለው ነገር አይደለም እንዴ? ሌሊትም ስዞር በባትሪ አያቸዋለሁ፣ ሲያሳዝኑኝ ትንሽ ትንሽ እጨምርላቸዋለሁ።"

ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተናገረም። አራት ሰው፣ አራታችንም አዝነን፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ። እኔን ያመመኝ ግን የነሱ አይደለም፣ የኔው ሰሌዳ ነው። ሰዓት ጻፍኩ እንጂ "ማን" ሚለውን አልጻፍኩም፣ "መቼ አይጠጣም" ሚለውንም አልጻፍኩም። ችግኝ ሰዓት አያውቅም እኮ፣ ፀሐያማ ቀን በቀን ሁለቴ ሊፈልግ ይችላል፣ ጭጋግ ሲሆን ሦስት ቀን ላይፈልግ ይችላል።

ከዛ በኋላ ያደረግነው ብዙም ሚያስደንቅ አይደለም። ከ20 ትሬ 8ቱን ሙሉ በሙሉ አውጥተን ኮኮፒቱንም ጣልነው፣ ትሬዎቹን እትዬ በበረኪና ዘፈዘፈቻቸው። የቀሩትን 12 አራርቀን ደረደርናቸው፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ሂተሩን በሌላ መስመር አስቀጠልንና ፋኑ ቀን ከሌት ዋለ አደረ። ለዝንቦቹ ቢጫ ሚያጣብቅ ወረቀት ሰቀልን፣ በሁለት ቀን ውስጥ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ማዳበሪያ አቆምን። ውሃም አቆምን፣ አራት ቀን ሙሉ። እውነቴን ነው ምላችሁ ከሁሉም የከበደኝ ያ ነው፣ የተኛ ችግኝ እያየህ እጅህን አጣጥፈህ መቆም። በሦስተኛው ቀን ጆጉን አንስቼ እትዬ ከኋላዬ "አስቀምጠው" ብላኛለች፣ እንዴት እንዳየችኝ አላውቅም።

ሚዛን ገዛን፣ የሽንኩርት መመዘኛ ዓይነት። በደንብ ጠጥቶ ትርፉ የተንጠፈጠፈለት ትሬ 2 ኪሎ ከ900 ግራም መጣ፣ መጠጣት ያለበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ደግሞ 1 ኪሎ ከ900 ገደማ፣ ያን ረቡዕ እትዬ ያቀበለችኝ ዓይነቱ 3 ኪሎ ከ200 ነበር። እነዚህ የኛ ትሬና የኛ ኮኮፒት ቁጥሮች ናቸው፣ እናንተ ጋር ሌላ ይሆናል፣ ራሳችሁ መዝኑ። ማጠጣቱንም ከላይ ማፍሰስ ትተን ትሬውን ቤት ውስጥ ያደረ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ 20 ደቂቃ እናስቀምጠዋለን፣ ከሥር ይስባል፣ ከዛ አውጥተን እናንጠፈጥፈዋለን፣ ላዩ ደረቅ ስለሚሆን ዝንቡም ቦታ ያጣል። ጆጉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ፣ ያጠጣ ሰው ይፈርማል።

ለደንበኛው ማን ይናገር ሚለው ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። አለቃዬ "ዘሩ ነው እንበል፣ ፎቶውም አለ" አለ፣ ፎቶው ደግሞ እኔ ራሴ የላክሁት ነው፣ አፌን ምን እንደያዘኝ እንጃ ለአንድ ቀን ያህል ዝም አልኩ። በነጋታው ለዘር ሻጩ ልጅ የሥሩን ፎቶ ላክሁለትና "ይቅርታ፣ የኛ ውሃ ነው" አልኩት። "ገምቼ ነበር፣ በክረምት ብዙ ሰው ይደውልልኛል" አለኝ። ከዛ በኋላ አለቃዬም ለደንበኛው እውነቱን ከመንገር ውጪ ምርጫ አልነበረውም፣ ነሐሴ ላይ ቆጥረን ያስረከብነው 1,190 ችግኝ ነው፣ የጎደለውን ቀብድ መለስን። ሰውዬው አኮረፈ፣ እስካሁን ሌላ ትዕዛዝ አልሰጠንም፣ አልፈርድበትም።

ዘበኛችንን ግን "ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነካ" ማለት አልቻልኩም፣ ከሁላችንም በላይ እነዛን ችግኞች ሚያያቸው እሱ ነው፣ ሌሊትም እሁድም። ስለዚህ ሚዛኑን ሰጠሁት። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ትሬ መዝኖ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እሁድ ደግሞ ይደውልልኛል። ሥራውን እንዴት እንደያዘው ብታዩ፣ መነጽር ማዘዙን እትዬ ነች የነገረችኝ፣ ቁጥሩ እንዳይሳሳት ብሎ።

ጥቅምት ላይ ቲማቲም አፍልተን፣ አንድ እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሃያ ስልኬ ጮኸ።

"ዶክተር፣ ሁለት ኪሎ ከመቶ፣ ሁለት ኪሎ ከሃምሳ፣ ሁለት ኪሎ ድፍን።"

"ገና ነው ጋሼ፣ እንዳታጠጣ።"

"ማን አጠጣለሁ አለ? ለማሳወቅ ነው የደወልኩት" ብሎ ዘጋው፣ እኔም ተመልሼ ተኛሁ።